እጃቸውን ያላነሱበት ቀን

ጥቅምት 6

እግሬ ዛሬም ትራስ ላይ ነው። ጄሶው ውስጥ ያሳክከኛል፣ ጣት አይገባም። እማዬ የሹራብ መሥሪያ ኪሮሿን ሰጠችኝ፤ እሷን ሰድጄ ትንሽ ተገላገልኩ።

ቢሮ ደወልኩ። ጸሐፊዋ አነሳች። ሁሉም ሰላም ነው አለች። ጋሼስ? እየጠረዙ ነው። ምን እየጠረዙ? መጽሐፍ። መጽሐፍ መሆኑንማ መች አጣሁት፣ የማንን መጽሐፍ? ቆይ ልጠይቃቸው ብላ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ እዚያው ረሳችኝ። የወረቀት መቁረጫው ድምፅ፣ የሰው ሳቅ፣ ወንበር ሲጎተት... ሰማሁ ሰማሁና ራሴ ዘጋሁት።

አባዬ የተወልኝ ጥረዛ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለውም። የወደቅኩትም እዚያው ደረጃ ላይ፣ የካርቶን ሸክም ታቅፌ። ሐኪሙ ጄሶው እስኪፈታ ደረጃ አይታሰብም ብሏል። ሁለት ክፍል፣ አንዲት ጸሐፊ፣ አንድ ጠራዥ... ያለኝ ይኸው ነው። እሱም ከዓይኔ ራቀ።

ሰው እንዴት ሥራውን ሳያይ ይውላል? እኔ አልችልበትም።

ጥቅምት 9

ወንድሜ መጣ። እቤት «መላ አያጣም» ነው የምንለው። የተሰበረ ነገር ካየ እጁን ይበላዋል።

ለቢሮው ካሜራ እፈልጋለሁ አልኩት፣ እዚህ ተኝቼ የማየው። ግን አቅሜን ታውቃለህ። ሳቀ። ካሜራ ምን ይሠራልሻል፣ በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ የተኛ ስልክ አለ አይደል? አለና ተነስቶ መሳቢያ ይበረብር ጀመር። የእማዬን የድሮ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ አገኘ። የራሱንም አሮጌ ያመጣል። ነፃ አፕ ይጫንባቸዋል፣ ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ፣ በኢንተርኔት እኔ ስልክ ላይ ይታያሉ። አለቀ።

ኢንተርኔቱስ? ከቢሮው ጎን ያለችው ልብስ ሰፊ ዋይፋይ አላት፣ ተካፈሉ አለኝ። ደወልኩላት። «የእኔ የአንቺ አይደል እንዴ» አለች። ደግ ሰው ናት።

ጥቅምት 12

አየሁት! ቢሮዬን አየሁት።

አንዱ ስልክ በሩን ያሳያል፣ አንዱ የጋሼን ጠረጴዛ። ድምፅ የለውም፤ ዳታ ይበላል ብሎ ወንድሜ ዘግቶታል። ይሁን። የሙጫው ቆርቆሮ፣ የክሩ ጥቅል፣ በመስኮቱ በኩል የሚገባው ብርሃን... ሁሉም በቦታው። እንባዬ መጣ። ምን ያስለቅሳል አሁን ይኼ?

ጋሼ ግን ስልኩን ቀና ብለው አዩት። ጸሐፊዋን አንድ ነገር ጠየቋት። መለሰችላቸው።  ከዚያ ወንበራቸውን አዙረው ጀርባቸውን ሰጡኝ፤ እስከ ማታም እንደዚያው ሆነው ሠሩ።

ከአባዬ ጋር ይህን ቤት የከፈቱት እሳቸው ናቸው። መርፌ ላይ ክር መስካት ያስተማሩኝ፣ ከትምህርት ቤት ስመጣ ከጠረጴዛቸው ሥር ስለማልጠፋ «ሙጫዬ» ያሉኝ። እስከዛሬም ሙጫዬ ነኝ። ቀድሜ ልነግራቸው ይገባኝ ነበር። እንደ ሌባ ካሜራ ሰቀልኩባቸው።

«አባትሽ ቢኖር ይቺን ስልክ በካርቶን ጠርዞ ነበር መልሶ የሚልክልሽ» አለች እማዬ።

ጥቅምት 15

ሱስ ሆኖብኛል። ከቁርስ በፊት አያለሁ። እየበላሁ አያለሁ። ጸሐፊዋ ደንበኛ ከሌለ ጥፍሯን ትቀባለች፣ ከዚያ ወረቀቱን በእጇ ጀርባ ነው የምታነሳው። ልናገራት አሰብኩ። ተውኩት። ከመሳቢያዋ ብስኩት አውጥታ ለጋሼ ስታካፍል ደግሞ ደስ አለችኝ።

ጋሼ አሁንም ጀርባቸውን ነው የማየው። ካፖርታቸው ትከሻው ላይ ሳስቷል። አላወቅኩም ነበር።

ጥቅምት 19

ምነው ምላሴን በቆረጠው።

ዛሬ ፊታቸውን አዙረው ነበር የተቀመጡት፣ ብርሃን ፈልገው መሰለኝ። አየሁ፦ አገጫቸው ደረታቸው ላይ፣ ዓይናቸው የተጨፈነ፣ መርፌው በእጃቸው። ተኝተዋል። ሻይ አፈላሁ በአንድ እግሬ እየዘለልኩ። ተመልሼ አየሁ፣ ተኝተዋል። ሻዩን ጠጥቼ ጨረስኩ፣ ተኝተዋል። መመረቂያ ጽሑፏን የምትወስድ ልጅ ዛሬ ነበር ቀጠሮዋ። ደሜ ፈላ።

የእኔ ስልክ ላይ ሥዕሉ ስላለ በእማዬ ስልክ ደወልኩ። አነሱ።

«ጋሼ፣ ለእንቅልፉ እንኳ ቤትዎ ይሻላል» አልኩ።

እንዲህ ብዬ። ለጋሼ!

 «ምን ጎደለ ልጄ?» አሉኝ። የልጅቷ ሥራ አልኩ። ወስዳ ከሄደች ቆየች እኮ አሉ፣ ቀስ ብለው።

ሥዕሉን አየሁ። ድምፃቸው ያናግረኛል፣ ሥዕላቸው ተኝቷል። እጃቸው ላይ መርፌ እንጂ ስልክ የለም።

ያኔ ገባኝ። መሬት አልተከፈተችልኝም።

ጥቅምት 20

ወንድሜን ጠየቅኩት። አዎ አለ፣ ኔትወርኩ ሲደክም ሥዕሉ የመጨረሻውን ይዞ ይቆማል። የልብስ ሰፊዋ ልጆች ፊልም ከከፈቱ በቃ። ጋሼ ክሩን በጥርሳቸው ሊበጥሱ ጎንበስ ሲሉ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገዋል፣ እዚያ ላይ ቀርቷል። ሰዓቱን ከሥዕሉ ጋር የሚጽፈው፣ መቆሙንም የሚናገረው አፕ አለ፣ ግን በየወሩ ይከፈልበታል። ነፃውን ነው የጫንኩልሽ አለኝ። እኔም ነፃውን ነበር ያልኩት።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለች እማዬ። 

ጋሼ ጋ ደወልኩ። ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኩ። ሳቁ። ሙጫዬ፣ አንቺ እንኳን በሥዕል በአካልም እያየሽኝ ታንቀላፋለህ ብትይኝ እውነትሽን ነው፣ አርጅቻለሁ አሉ። ይብስ አንገበገቡኝ።

«ጋሼ፣ ከእንግዲህ ሥዕል አይቼ ብደውልልዎ የአባቴ አጥንት ይውጋኝ» አልኩ።

«ተይ አትማይ» አሉ። «እኔ መላ አለኝ። በፊቱ ባለፍኩ ቁጥር እጄን አነሳልሻለሁ። እጄ ከተንቀሳቀሰ ሥዕሉም ደህና፣ እኔም ደህና።»

ከሰዓት ወንበራቸውን ወደ ካሜራው አዞሩት።

ጥቅምት 27

ዛሬም አነሱ። ጠዋት ሲገቡ፣ ሙጫ ሊያመጡ ሲነሱ፣ ምሳ ሲወጡ፣ ሲመለሱ።

ኅዳር 3

የጠረዙትን አሮጌ መዝገበ ቃላት ወደ ካሜራው አስጠግተው አሳዩኝ። ጀርባው ተገንጥሎ የመጣ ነበር። አሁን አዲስ ነው የሚመስለው። ከፈቱት፣ ዘጉት፣ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉትና እጃቸውን አነሱ።

እማዬም ከጎኔ ሆና እጇን አነሳች።

አያዩሽም እኮ አልኳት። ሰላም ላለኝ ሰላም እላለሁ፣ ማየት አለማየቱ የራሱ ጉዳይ ነው አለች።

ኅዳር 8

ኔትወርኩ ሳምንቱን ሙሉ ተኝቷል። ጸሐፊዋ ስታዛጋ አፏ እንደተከፈተ ቀርታ ረፋዱን ሙሉ ስታዛጋ ዋለች። ለእማዬ አሳየኋት፣ ሁለታችንም እንባችን እስኪፈስ ሳቅን።

ጋሼ ጎንበስ እንዳሉ ይቆማሉ፣ ቀና እንዳሉ ይቆማሉ። አልደወልኩም። አንድም ቀን። ትንሽ ስጠብቅ ይለቀቃል፣ እጃቸው ይነሳል፣ ልቤ ይመለሳል። ለምጄዋለሁ።

ለወንድሜ የሚከፈልበትን አፕ ላስገባ ይሆን? አልኩት። ጄሶሽ ሊፈታ ነው፣ ለምን ታባክኛለሽ አለ። እውነቱን ነው አልኩ።

ኅዳር 14

ጸሐፊዋ ፈቃድ ናት። ጋሼ ብቻቸውን። ጠዋት እጃቸውን አነሱ።

ሥዕሉ ዛሬም ቆመ። ጋሼ ራሳቸውን ጠረጴዛው ላይ እንዳሳረፉ። የበሩን አየሁ፣ የተዘጋ በር ምን ይነግራል? ወንድሜ ሲመጣ አለቀውም።

...



አልቆመም ነበር።

ምሳ በላሁ። ተመልሼ አየሁ፣ እንደዚያው። የእማዬን ስልክ አንስቼ ስማቸው ላይ ደረስኩ። ልደውል? ይሉኝታ ያዘኝ። ምን ልላቸው ነው፣ ደግሞ ተኝተዋል ልላቸው? ምያለሁ እኮ። ስልኩን አስቀመጥኩ። ልብስ አጣጠፍኩ። የእማዬን መድኃኒት ሰጠሁ። አየሁ፣ እንደዚያው።

ከዚያ በሩ ተከፈተ። ሥዕሉ ላይ፣ በሩ ተከፈተ። ልብስ ሰፊዋ ክንድ የሚያህል መቀሷን ይዛ ገባች፤ እንዲስሉላት ነው ሁልጊዜ የምታመጣው። በሌላው ሥዕል ወደ ጠረጴዛው ስትመጣ አየኋት። ትከሻቸውን ነካች። መቀሱ ከእጇ ወደቀ። አፏ ሲከፈት ይታየኛል፣ ድምፅ የለም። ከዚያ ሮጣ ወጣች፣ ሰዎች ይዛ ተመለሰች፣ በወንበራቸው አንስተው ተሸክመዋቸው ወጡ።

ጠረጴዛው ባዶውን ቀረ። እኔ እዚህ ተቀምጬ አየሁት ሁሉንም። ምንም አልቀረኝም።

ኅዳር 15

በሕይወት አሉ። ስትሮክ ነው። ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም፣ ንግግራቸው ተይዟል።

ሴት ልጃቸው ናት የደወለችልኝ። ሐኪሙ ወዲያው ቢመጡ ኖሮ ብዙ ነገር ይተርፍ ነበር ብሏታል። ብቻውን ስለነበረ ማን ሊያይለት ይችላል አለች። እግዜር ልብስ ሰፊዋን ላካት አለች። እያጽናናችኝ ነው እኮ! እኔን!

አዎ አልኳት። ሌላ ምን ልበል?

ወንድሜ የሚከፈልበትን አፕ ዛሬውኑ ልጫንልሽ ይለኛል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሁለቱንም ስልክ ነቅለህ ጣልልኝ አልኩት።

ኅዳር 16

እማዬ አጠገቤ ተቀመጠች። እንዳልተኛሁ አውቃለች። «ቀድሞ ነበር እንጂ...» ብላ ጀመረችና ፊቴን ስታይ ተወችው። እጄን ያዘችኝ። የቀረውንማ ማን የማያውቅ አለ።

ኅዳር 19

ለማንም ያልነገርኩት አለ። እዚህ ካልጻፍኩት የት ልጥለው?

መስኮቱ ገርበብ ብሎ ነበር። ከክንዳቸው ሥር አንድ ወረቀት ጫፉ ወጥቶ ነበር። ነፋስ ሲነካው ብድግ ይላል፣ ይተኛል። ብድግ ይላል፣ ይተኛል።

አየሁት። ከምሳ በፊት አየሁት። የቆመ ሥዕል ውስጥ ወረቀት አይንቀሳቀስም። ይህን ለማወቅ መላ አያጣም መሆን አያስፈልግም። ዓይኔ አይቶ ነበር፣ እኔ ግን ቆሟል ብዬ ወስኛለሁ። ቆሟል ማለት ቀለለኝ። መደወል ከበደኝ። እንደገና እንዳልሳሳት፣ እንዳይታዘቡኝ... ለራሴ ፊት ስል ነው። ለእሳቸው ክብር ነው ብዬ ራሴን ሸነገልኩ እንጂ ለራሴ ነው።

ቀኑን ሙሉ ለማየት ስል ካሜራ ሰቀልኩ። ሳየው አላመንኩትም። ያላመንኩት ጊዜ ነው እውነት የሆነው።

ኅዳር 26

ጄሶው ተፈታ። እግሬ ቀጥኖ የሌላ ሰው እግር መስሏል። በከዘራ ነው የምሄደው።

ሐኪሙ ደስ አይልሽም? አለኝ። ደስ ይላል አልኩ።

ታኅሣሥ 2

ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። በየመወጣጫው እያረፍኩ። ልብስ ሰፊዋ ወንበር ይዛ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችኝ፣ አቀፈችኝ።

ጠረጴዛቸውን ማንም አልነካውም። ሙጫው ቆርቆሮው ውስጥ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። የተጀመረ ጥራዝ፣ መርፌው ሦስተኛው ስፌት ላይ እንደተሰካ። ጸሐፊዋ ላነሳው ብዬ ፈራሁ አለች። ጥፍሯን አልተቀባችም።

መቀሱም እዚያው ነበር፣ መሳቢያው ላይ። ሳይሳል።

ታኅሣሥ 4

ጋሼ ቤት ሄድኩ።

መስኮት ሥር ተቀምጠዋል። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ፣ የሌላ ሰው ዕቃ አደራ የተቀመጠባቸው ይመስል። ሲያዩኝ በግማሽ ፊታቸው ሳቁ። «ሙ... ጫዬ።» ግንባራቸውን ስሜ ተቀመጥኩ። ልጃቸው ሻይ ልታፈላ ወደ ጓዳ ገባችና ብቻችንን ተወችን።

ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። አንዱም አልመጣልኝም።

«ጋሼ፣ ያን ቀን አይቼዎት ነበር» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ።

«ከምሳ በፊት ጀምሮ አይቼዎታለሁ። ቆሟል ብዬ ነው። ወረቀቱ ሲንቀሳቀስ እያየሁ፣ ቆሟል አልኩ።»

ረጅም ጊዜ በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። ከዚያ ቃሉን እየፈለጉ፣ እየጣሉ፣ እንደገና እያነሱ፣

«ለምን... አልደወልሽም?» አሉ።

አልተቆጡም። መልሱን ማወቅ የፈለጉ ነው የሚመስሉት። ምያለሁ አልኩ። አፈርኩ አልኩ። ሌላ መልስ የለኝም ጋሼ አልኩ። አለቀስኩ። ግራ እጃቸውን አንስተው ራሴ ላይ ጣሉት፤ ከበደኝ፣ እንዲነሳም አልፈለግኩም። ይቅር አሉኝ ልበል? አላሉም። አይደለምም አላሉም።

ልጃቸው በር ላይ ስትሸኘኝ፣ አባዬ ቀኑን ሙሉ የሚጠይቀኝ ስለ ቢሮው ብቻ ነው አለች። መጽሐፎቹን ማን እየጠረዘ ነው፣ መስኮቱን ማን እየዘጋ ነው... እሱን ካላየ ልቡ አያርፍም አለች።

ካላየ።

መንገዱን በሙሉ ይህንን ሳስብ መጣሁ።

ታኅሣሥ 7

ወንድሜ ስልኮቹን ሊያመጣልኝ አልፈለገም። ነቅለህ ጣል ያልሽኝ አንቺ ነሽ አለ። አልጣላቸውም ግን፤ መሳቢያው ውስጥ ነበሩ። የእሱ ነገር።

ሁለቱንም ሰቀላቸው፣ በድሮው ቦታቸው። ሥዕሉ አሁን የሚሄደው ጋሼ ቤት ነው። ልጃቸው ታብሌት አላት፣ ከመስኮቱ አጠገብ አቆመችው። የሚከፈልበትን አፕ እከፍላለሁ አልኩ። ጋሼ በልጃቸው በኩል ከለከሉ፦ ነፃው ይበቃል፣ አታባክኚ ብለዋል። ወቸ ጉድ! ከወንድሜ ጋር ተማክረው ይሆን?

ታኅሣሥ 16

በእሳቸው ወንበር ተቀምጬ ነው የምጠርዘው። ያስተማሩኝን እጄ ረስቶታል። ስፌቱ ይጣመማል። ጀርባው ይወለጋገዳል። የመጀመሪያዋን መጽሐፍ ወደ ካሜራው አስጠግቼ አሳየሁ፣ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ መታ መታ አደረግኩ።

ማታ ልጃቸው ደወለች። አባዬ «ክሩ ላልቷል» በያት ብሎኛል አለች። ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት።

በፊቱ ባለፍኩ ቁጥር እጄን አነሳለሁ። ደንበኞች ማንን ነው ሰላም የምትዪው ይሉኛል።

ጥር 3

ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ። ራሳቸው፣ በግራ እጃቸው። ከታመሙ ወዲህ ደውለውልኝ አያውቁም።

«ሙጫዬ... አለሽ?»

«አለሁ ጋሼ። ምነው?»

 ትንፋሻቸው ብቻ። ቆይቶ ነው የገባኝ። ሥዕሉ ቆሟል፤ እኔ ጠረጴዛው ላይ እንዳጎነበስኩ ቀርቻለሁ። ተነስቼ ካሜራው ፊት ሄድኩና እጄን አነሳሁ፣ እስኪለቀቅ ድረስ እንዳነሳሁት ቆምኩ። ጸሐፊዋ ሥራዋን ትታ ታየኛለች።

«አየሁሽ» አሉና ዘጉ።

ከሰዓት ደግሞ ደወሉ። ምንም አልነበረም፣ ክር ወድቆብኝ ጠረጴዛው ሥር ገብቼ ነበር። አለሁ አልኳቸው። እሺ አሉ።

ጥር 21

የልብስ ሰፊዋን መቀስ ሳልኩላት። እንደ ጋሼ አልሆነም፤ ይቆርጣል ግን።

ኔትወርኩ ከፍቷል። ሥዕሉ በቀን ስንቴ እንደሚቆም እኔ አላየውም፣ የማውቀው በስልኩ ነው። አንዳንዴ ደንበኛ ፊት፣ አንዳንዴ እጄ ሙጫ ሆኖ፣ አንዳንዴ ደረጃው መሀል። ጸሐፊዋ አይሰለቻቸውም? አለችኝ። በስህተት ደውለው ያፈሩበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ሥራ ላይ ነኝ፣ ውኃ ልቀዳ ወጥቼ ነው፣ እያንቀላፋሁ ነበር ብያቸው አውቃለሁ። ይስቃሉ። በማግስቱ ይደውላሉ።

ቆሟል ብለው አንድ ቀን እንኳ አላለፉኝም።